ጠበል የጠጣች ሞተር

ባሕር ዳር፣ ግንቦት ፲፱፻፹ ዓ.ም.

ለምወድህ ባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትህልኝ? ቁስልህ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኔና አባባ ካንተ ሐሳብ በቀር ክብሩ ይስፋ ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ ካንተ በፊት ከፍቶ ለሚያነበው ጓድም ጤና ይስጥልኝ ብያለሁ። እሱም የሰው ልጅ ነው፤ ሰላምታ አይነፈግም።

«እግሬን ትንሽ ነካ አድርጎኝ አሥመራ ሆስፒታል ተኝቻለሁ» ያልኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። ቀጥሎ የመጣውም ደርሶኛል፤ «ሞተሯን ሽጪያት፣ አንቺም ደብረ ታቦር እናትሽ ዘንድ ሂጂ፣ እኔን አትጠብቂ» የሚለው። አልዋሽህም፣ ካንተ ፎቶግራፍ ጋር ተኳርፌ ዋልሁ። ሲመሽ ወደ ጓሮ ወጣሁና ሞተርህን ዳማን ከማንጎው ሥር ጎትቼ አወጣኋት።

የፈረስ ስም ያወጣህላት፣ ክትባት ይዘህ ዘንዘልማና ሰባታሚት ትመላለስባት የነበረችው ዳማ ምን እንደ ሆነች ብታይ ታለቅስ ነበር። ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። ጎማዋ ተልፈስፍሷል፤ ካቴናዋ ዝጎ ደርቋል። ከፋብሪካችን ጥገና ክፍል አንዳርጋቸውን ለመንሁት፤ ደግ ሰው ነው፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እየመጣ ይፈታታት ጀመር። የጎማዋን የውስጥ ላስቲክ፣ ካላማዳሪውን፣ ከብስክሌት ጠጋኞቹ አገኘን። ዝገቱን በላምባና በብርጭቆ ወረቀት የፈገፈግሁት እኔ ነኝ። ወንበሯን ያንተን የድሮ ካፖርት ቀድጄ አለበስኋት። አትቆጣ፣ ብል በልቶት ነበር።

አባባን ታውቃቸው የለ፤ ዳማን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም፣ «ያች ጩኸታም» ነው የሚሏት። መሪጌታ የወለደው ልጅ በብረት ላይ ተቀምጦ መንደር ያውካል ብለው ስንት ዓመት አኮረፉህ! አሁን ግን ከማኅሌት ሲመለሱ በርጩማቸውን ከአጠገቧ አስቀምጠው ዳዊታቸውን እዚያው ይደግማሉ። ብሎን ከወደቀብን ፈልገው የሚያነሡት እሳቸው ናቸው።

ሁሉም ተገጥሞ አለቀና አንዳርጋቸው መርገጫውን ቢረግጥ፣ ቢረግጥ፣ ዳማ አስላ ዝም። ካንዴላ ለወጠ፤ ካርቡራቶሩን ፈትቶ አጠበ። በሳምንቱም ያው። በመጨረሻ ቤንዚኑን በጣሳ ቀድቶ አየውና ውኃ አለበት አለ። እኔ በኩፖን ተሰልፌ ያመጣሁት ቤንዚን! ሻጩን ከነዘር ማንዘሩ ልረግም አፌን ስከፍት አባባ ዳዊታቸውን አጠፉና «አትርገሚ ልጄ፣ እኔ ነኝ» አሉ። ለካ ከክብራን ገብርኤል ያስመጡትን ጠበል ጨምረውባት ኖሯል። «ልጄን የምታመጣልኝ እሷ አይደለች? ሳትጠመቅ እንዴት ትሂድ?» አሉን።

አንዳርጋቸው ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔም ሣቅሁ፣ ሣቅሁና ማልቀስ መጣብኝ። አባባ ደግሞ ጠበል ያለበት ነገር ሰው በሚረግጠው ቦታ አይደፋም ብለው ቤንዚኑን ከማንጎው ሥር አስደፉት። ማንጎው ቅጠሉን እያረገፈ ነው፤ ለሱ ጠበሉ አልሠራም። ዳማ ግን በንጹሕ ቤንዚን ተነሣች።

በዚያው ሰሞን የጦር ጓደኛህ ክንዱ ፈቃድ ወጥቶ ሰላምታህን ይዞልን መጣ። ምሳ አቀረብሁለት። አባባ እንዴት እንደ ሆንህ ሲጠይቁት «ደኅና ነው፣ ደኅና ነው» እያለ ጣራ ጣራ ያያል። እንዲጫወት ብዬ ዳማን ላሳየው ወደ ጓሮ ወሰድሁት። ደስ አለው፤ ታንኳ እንደሚገዛ ሰው ዞሮ ዞሮ አያት። መርገጫዋን በእጁ ዳሰሰና «ይህን እንግዲህ ማን ይረግጣል?» አለ። ወዲያው ከንፈሩን ነከሰ። አባባ ከኋላችን ቆመው ነበር። እኔም «እኔ እረግጣለሁ» አልሁት።

በማግሥቱ ሱሪህን አጥፌ ለበስሁና ጀመርሁ። ስንቴ ወደቅሁ መሰለህ! ቅልጥሜ በልዞ ፋብሪካ ሳነክስ ሰነበትሁ። የዓባይ ማዶ ሴቶች «ጉድ በል ጎጃም» እያሉ ደጅ ወጥተው ይስቁብኝ ነበር፤ አሁን ለምደውኝ እህል ወፍጮ አድርሽልኝ ይሉኛል። ድልድዩ ላይ ዘበኛው አስቁሞ የማን ሞተር ነው ቢለኝ፣ የባለቤቴ ናት፣ ነጂዋ ግን እኔ ነኝ አልሁት። ሣቀና አሳለፈኝ።

ክንዱ ከሄደ በኋላ አባባ ወይራ አስቆርጠው መጡና መቋሚያ መሥራት ያዙ። አንድ ቀን ጠሩኝና የልጄ ብብት እስከምን ይደርሳል ብለው ጠየቁኝ። ራሴን ደረትህ ላይ አስደግፌ መቆም ስለማውቅ አልተሳሳትሁም፤ በእጄ አሳየኋቸው። ከላይ ያለውን ማሳረፊያ ብብት እንዳይፈገፍግ አለስልሰው፣ በነጠላቸው ቁራጭ ጠቀለሉት። ሁለት ነው የሠሩት። አንድ መሪጌታ ሁለት መቋሚያ ምን ያደርጉለታል ብዬ አልጠየቅኋቸውም። አንዳርጋቸውም ከዳማ ቀኝ ጎን መቋሚያዎቹ የሚሰኩበትን ቀለበት በየደልኝ።

ስለዚህ ዳማ አትሸጥም። እኔም ደብረ ታቦር አልሄድም፤ እናቴ ዘንድ ምን አለኝ? ሲያሰናብቱህ ቴሌግራም ላክ፤ ከአውቶቡስ ጣቢያው በር ቆመን እንጠብቅሃለን። ከኋላ ትቀመጥና ወገቤን ትይዛለህ። በጣና ዳር በኩል ቀስ ብዬ እወስድሃለሁ። ድሮ እኔ «ቀስ በል!» እያልሁ ጀርባህን እንደምደበድበው፣ አንተም በተራህ ደብድበኝ።

አባባ «የደሴቶቹ ጻድቃን ይጠብቁህ» ብለውሃል። ደግሞ አንድ ቃል ጨምሪልኝ ብለው፣ ስጽፈው አጠገቤ ቆመው አይተዋል፤ «እንዳለ ይምጣልኝ።»

እኔም እንደዚያው እላለሁ። ፈጣሪ ከደጃችን በሰላም ያድርስህ።

ነጂህ፣
ባለቤትህ