ያልፈነዳው ድስት

የዓይኔ ብርሃን ራንዳ፣ አላህ በሰው አገር ክፉ አያሳይሽ፣ የኩዌትን ሙቀት ያቅልልሽ። እኛ እዚህ ታንታ ከተማ ደህና ነን፤ አባትሽ ብቻ ጉልበቱን ያመዋል።

በእንፋሎት ቶሎ የሚያበስለውን፣ አንቺ የላክሽልኝን ድስት ለአክስትሽ ለኢንሳፍ ሰጠኋት፤ አትቆጪኝ። በፌስቡክ የሴቶች ቡድናችን ውስጥ በየቀኑ የፈነዳ ድስት ሲለጥፉ እያየሁ እንዴት እሳት ላይ ልጣደው?

አሁን እሷ የበሬ እግር በአንድ ሰዓት ውስጥ አብስላ ታደርሳለች። አርብ አርብ ከሶላት በኋላ እኔ ዘንድ ይበሉ የነበሩት ወንድሞችሽ ከነልጆቻቸው ወደ እሷ ዞረዋል። አባትሽም "የሷ ይለሰልሳል" ብሎ ተከተላቸው፤ በዚያ ጉልበቱ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ።

ባለፈው አርብ እኔም ሄድኩ። "አትፈሪም ግን?" አልኳት።

"እትዬ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያበስለው በዚሁ ነው። ያልፈነዳ ድስት ማን ቀርጾ ይለጥፋል?" አለችኝ፣ መረቁን እየጨለፈችልኝ።

እውነቷን ነው። የሚያበግነኝም እሱ ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አሁን ጠዋት ጠዋት ቡድኑን የምከፍተው የሷ ድስት ፈንድቶ ወጥቶ እንደሆነ ለማየት ነው።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ ልጄ። ባይከብድሽ ሌላ ድስት ላኪልኝ፤ ከሷ ትንሽ ተለቅ ያለ።

እናትሽ