ግዝቱን አንስቻለሁ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለበንቲ ሂርጳ፤

እንደምን ከርመሃል? ደረትህስ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ? የስዊድን ብርድ እንዳይጎዳህ ሐሳብ ገብቶናል። እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ እማዬም ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። በልብህ ላይ ያለ አንድ የደም ሥር ከተፈጠርክ ጀምሮ አለቦታው ገብቶ፣ ልብህን የሚመግበውን ደም እንደ ተሸነቆረ ቦይ ወደ ሌላ እንደሚያፈስብህ አነበብኩ። ሐኪሞቹ ደረትህን ከፍተው ያን ሥር ሊቋጥሩት ቢዘጋጁም፣ አንተ ግን ታላቅ ወንድሜ በአቦ ገዝቶኛል ብለህ እንቢ ማለትህንም አነበብኩ። ከዚያ ወዲህ እህል አልበላ ብሎኛል። ይህን በራሴ እጅ የምጽፈው ሁልጊዜ የሚጽፍልኝ ደብዳቤ ጸሐፊ እንዳይሰማብኝ ነውና ጽሕፈቴን ታገሠው።

ወደ ስዊድን ስትሄድ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቢላዋ ሰውነትህን እንዳይነካው ብዬ ስገዝትህ፣ ሰው ሁሉ ለነፍስህ የተጨነቅሁ መስሎት ነበር። አይደለም በንቲ። በጤፍ አጨዳው ደቦ ላይ ደረትህን ይዘህ ስትቀመጥ፣ ይሄ ልጅ ማጭድ ባየ ቁጥር ያመዋል ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ አሳቅሁብህ። በኋላ የከተማው ሐኪም ከልብህ ደህና ያልሆነ ድምፅ ሰማሁ ሲልህ፣ ደረትህ ተከፍቶ ሕመምህ እውነት ሆኖ ቢገኝ ምን ይውጠኛል አልኩ። የራሴን ውርደት ስሸሽ አንተን በታቦት አሰርኩህ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

እሑድ ለንስሐ አባታችን ለአባ አስረስ ተናዘዝኩ። እሳቸውም ግዝቱን ፈቱልህ፤ ለእኔም ቀኖና ሰጡኝ። ትናንት ደግሞ በጎረቤታችን በለሜሳ ደቦ ላይ ቆሜ፣ ያን ቀን ወንድሜ በእርግጥ ታሞ ነበር አልኳቸው። ሰዎቹም ማጭዳቸውን አንስተው ወደ ሥራቸው ገቡ።

እንግዲህ በአንተ ላይ ምንም ግዝት የለብህም። ይህን ወረቀት ለሐኪሙ አስተርጉመህ ወንድሜ ፈቅዷል በለው፤ ዛሬ ነገ ሳትል ወደ ቀዶ ሕክምናው ግባ።

እማዬ ጉንጭህን ትስምሃለች። ባለቤቴ ገዲሴ ስትጸልይልህ ከርማለች። ልጄ ብርነሽ ፊደል ለይታ ስምህን መጻፍ ችላለች። ለሜሳም ይማርህ ብሏል።

እኔን ይቅር በለኝ አልልህም። ሐኪሞቹ ከሚያስተኙህ እንቅልፍ ስትነሣ እንደፈለግህ ተቀየመኝ፤ ብቻ ንቃልኝ።

ወንድምህ ቀጄላ ሂርጳ
መካኒሳ አቦ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ ፱ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.