በአምቦ ተባዝቶ ጎጆ ስላልደረሰው የፊዚክስ ትምህርት

ለክቡር ኦቦ ጉተማ ባይሳ
የትምህርት ቤቶች የቀጥታ ሥርጭት ማዕከል ኃላፊ
አምቦ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቢሮዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ትልቁ ስክሪንም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ ባለፈው ዓመት «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ከአምቦ ወደ ብርዳማዋ ጎጆ ከተማ ያዛወሩኝ የኔትወርክ ባለሙያ ማኅሌት ገብረአማኑኤል፣ በጋቢ ላይ ጋቢ ደርቤ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፍልዎ፣ በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው አራቱ መዝገብ ቤት ገብተው ስላልወጡና፣ እንደ እርስዎ ያለ ሰው በጓዳ ሳይሆን በአደባባይ መመስገን ስለሚገባው ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ማዕከልዎ ከአምቦ ስቱዲዮ ለአርባ አንድ ትምህርት ቤቶች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርት በቀጥታ ያሠራጫል። በየከተማው ምስሉን ተቀብሎ የሚያሳልፍ ስዊች የሚባል ሳጥን አለ። ድሮ እያንዳንዱ ሳጥን መንገዱን በራሱ ይመርጥ ነበር፤ አሁን ግን አምቦ የተቀመጠ ኮንትሮለር የተባለ አንድ ሶፍትዌር ለሁሉም ያዝዛል፣ ሳጥኖቹም ያለ አንዳች ማንገራገር ይታዘዛሉ። በዚህ ላይ እኔ መልቲካስት የሚባለውን አሠራር ዘረጋሁ። ከአምቦ ወደ ምሥራቅ አንድ ቅጂ ብቻ ይወጣል፤ ጊንጪ ሲደርስ ይባዛና አንዱ ወደ ጎጆ፣ ሌላው ወደ እንጭኒ መስመር ይቀጥላል። ወደ ምዕራብም እንዲሁ አንድ ወጥቶ፣ ከጉደር ጀምሮ እየተባዛ እስከ ባኮ ይዘልቃል። መስመሩ ቀጭን ቢሆንም ትምህርቱ ለሁለት ዓመት ያህል ለሁሉም ጥርት ብሎ ይደርስ ነበር።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ኮንትሮለሩን ሊጎበኙ መጥተው፣ አሥራ ዘጠኝ ትምህርት ቤቶች ባሉበት የምሥራቅ አቅጣጫ የሚወጣው ቅጂ አንድ ብቻ መሆኑን ስለ ደረሱበት አመሰግናለሁ። በማግስቱ ስብሰባ ጠርተው አሥራ ስምንቱ ቅጂ የት እንደ ገባ ጠየቁኝ። ጊንጪ ላይ እንደሚባዛ ብገልጽልዎ፣ ጊንጪ በማን ፊርማና በማን ማኅተም የማዕከሉን ሰነድ እንደምታባዛ አጥብቀው ጠየቁ። ሳጥኑ የሚያባዛው አምቦ አባዛ ስላለው ብቻ እንደ ሆነ፣ የራሱ ሐሳብ የሚባል ነገር እንደሌለው ላስረዳ ስሞክር፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ገና ለጋ ነሽ፣ የመሥሪያ ቤት ሥርዓት አታውቂም» አሉኝ። ተሰብሳቢው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ሰነድ በዋናው መሥሪያ ቤት ተባዝቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ለየተቀባዩ ይላካል እንጂ መንገድ ላይ ሲባዛ በአገሩ ታይቶ አይታወቅምና።

በዚያው ቀን ሁሉም ቅጂ አምቦ ላይ እንዲባዛና ለየትምህርት ቤቱ ለየብቻ እንዲላክ መመሪያ ሰጡ። ስድስት ቅጂ ብቻ በሚችለው የምሥራቅ መስመር ላይ አሥራ ዘጠኝ ተጫነበት። ትእዛዙን ኮንትሮለሩ ላይ በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ይህን አልክድም፣ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል። በማግስቱ አቤቱታ ጻፍኩ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ሁለተኛ ስጽፍ ጎጆን ሰጡኝ።

ሁለተኛ፣ ለርክክብ ሥርዓትዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። እያንዳንዱ ርዕሰ መምህር ምስሉ በታየ በመጀመሪያው ደቂቃ ደውሎ መድረሱን እንዲያረጋግጥ፣ መዝገብ ቤትም ስሙን ጽፎ ምልክት እንዲያደርግ አዘዙ። በዚህም መሠረት እስከ ትምህርቱ መዝጊያ የነበሩት የስድስት ሳምንታት ሪፖርትዎ ሥርጭቱ መቶ በመቶ መድረሱን ያሳያል። በሁለተኛው ደቂቃ ምስሉ ደርቆ መቅረቱ ግን በቅጹ ላይ ቦታ ስላልተተወለት አልተመዘገበም። አምቦ ከተማ ያሉት ትምህርት ቤቶች ምስሉን ከማዕከሉ ደጃፍ ስለሚቀበሉ ችግር አልነበረባቸውም፤ የቢሮዎም ስክሪን እንዲሁ። ስለዚህ የጎጆን ስሞታ የሰነፎች ወሬ ነው ማለትዎ አይፈረድብዎትም።

ሦስተኛውን በቀልድ ለመጻፍ ሞክሬ አቃተኝ። ጎጆ ከጥር ጀምሮ የፊዚክስ መምህር አልነበራትም። የስልሳ ሁለት ተፈታኞች ተስፋ ከአምቦ የሚያስተምሩት መምህር ኤልያቄም ብቻ ነበሩ። እኒያ ደግ መምህር ስድስት ሳምንት ሙሉ ጠመኔያቸውን እንደ ያዙ፣ አፋቸውን እንደ ከፈቱ በስክሪናችን ላይ ደርቀው ቆሙ። ጂቱ ኦሊቃ የምትባል ተማሪ ከደረቀው ሰሌዳ ላይ ግማሹን ቀመር ገልብጣ፣ ሌላውን ግማሽ ከራሷ ለመሙላት ስትታገል በዓይኔ አይቻለሁ። ሕክምና ማጥናት ነበር የምትፈልገው። ውጤት ሲመጣ ከማለፊያው በሦስት ነጥብ ጎደለች፤ በሌላው ሁሉ አልፋ የጣላት ፊዚክስ ነው። አባቷ ኦቦ ኦሊቃ የውጤት ወረቀቱን ይዘው ቢሮዬ መጡና፣ ጥፋቱ የልጄ ነው ወይስ የመሣሪያው ብለው ጠየቁኝ። ልጃቸውን ሰነፍ ብለው ሦስት ቀን ሳያናግሯት ቆይተው ነበር። መሣሪያው የታዘዘውን ብቻ እንዳደረገ ነገርኳቸው። ተነሥተው ሲሄዱ እጄን ጨብጠው አመሰገኑኝ፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቅሬታ አይደለም፤ ደስታዬ ነው። ባለፈው ኅዳር የማዕከሉ አምስተኛ ዓመት ሲከበር ንግግርዎ ለአርባ አንዱም ትምህርት ቤቶች በቀጥታ እንዲተላለፍ፣ የክልል እንግዶችም ባኮ ሆነው እንዲከታተሉ ተወሰነ። ጸሐፊዎ ደውላ ሁሉ ነገር ዝግጁ መሆኑን ስትጠይቀኝ፣ በመመሪያዎ መሠረት ዝግጁ ነው አልኳት። እውነቴን ነው፤ ከመመሪያዎ አንዲት ነጥብ አላጎደልኩም። እንደ ምሥራቁ ቀጭን በሆነው በምዕራቡ መስመር ላይ አሥራ ሰባት ቅጂ ሲጫን ምን እንደሚሆን አውቅ ነበር። ልነግርዎ እችል ነበር፤ ሆን ብዬ አልነገርኩዎትም።

ባኮ ባለው ስክሪን ላይ ገና «የተከበራችሁ» ሲሉ አንድ ዓይንዎ ተጨፍኖ፣ አፍዎ ተከፍቶ ደረቁ። እንግዶቹ እስኪነሡ አርባ ደቂቃ ያህል እንደዚያው ሆነው ቆዩ። ተማሪዎች ፎቶ አንሥተውዎት በየስልኩ ዞረዋል፤ እኔም አንዱን አስቀርቻለሁ። እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ፣ ደስም አለኝ፤ ለዚህም ይቅርታ አልጠይቅም።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ራስዎ ደውለው፣ የቀድሞው አሠራር አሁኑኑ ይመለስ አሉኝ። ስብሰባ አልተጠራም፣ ማኅተም አልተፈለገም፣ ጊንጪ በማን ሥልጣን እንደምታባዛ የጠየቀ አልነበረም። እዚሁ ጎጆ ተቀምጬ፣ ኮንትሮለሩን ከርቀት ከፍቼ፣ ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ መለስኩት፤ በማግስቱ ትምህርቱ ከጎጆ እስከ ባኮ ጥርት ብሎ ታየ። ክቡር ሆይ፣ ለአንድ ንግግርዎ ሃያ ደቂቃ በቃዎት፤ ስልሳ ሁለት ልጆች ስድስት ሳምንት ሙሉ ሲለምኑዎት ግን ጊዜ አልነበረዎትም። ይህን ልተወው ይቅርና ልረሳውም አልፈልግም።

ለማኅተምዎ ቀለም፣ ለስብሰባዎ አጨብጫቢ እንዳይጠፋ፣ ስክሪንዎም እስከ ጡረታዎ ድረስ ጥርት ብሎ እንዲዘልቅ እየተመኘሁ፣ ሥርዓት ስላስተማሩኝ ከልብ የማመሰግንዎ፣ መመሪያዎን ቃል በቃል የፈጸምኩ፣

ማኅሌት ገብረአማኑኤል
ጎጆ፣ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ኮንትሮለሩ የተሰጠውን ትእዛዝ ሁሉ፣ የጻፈውን ሰው ስምና ያጸደቀውን ሰው ስም ከነቀኑ ይመዘግባል። ባለፈው ሳምንት ጸሐፊዎ ደውላ፣ ሰኞ የሥርጭቱን መቋረጥ የሚመረምር አጣሪ ኮሚቴ ስለሚመጣ የሚያዝያውን መዝገብ እንዳጠፋው በእርስዎ ስም ጠይቃኛለች። አላጠፋሁትም። የእኔም የእርስዎም ስም እንዳለበት አትሜ ለኦቦ ኦሊቃ ሰጥቻቸዋለሁ። ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ከጂቱ ጋር አምቦ ይመጣሉና፣ ከኮሚቴው ጎን ሁለት ወንበር ቢያዘጋጁላቸው።