ጥቁሩን ጥብጣብ ከስክሪኑ ላይ ላስነሡልን ለክቡር ኡስታዝ ፋዊ

ለኮም አል-ሸዋይል ከተማ የባህል አዳራሽ ሥራ አስኪያጅ፣
ለክቡር ኡስታዝ ፋዊ አብዱልጀሊል፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። ክቡርነትዎ እንዴት ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? በግርግሩ ዕለት በጓሮ በር ሲሮጡ የጣሉት መነጽር ተገኘልዎ ወይ? አላህ ዕድሜዎን እንደ ዓባይ ያርዝምልን፤ እርስዎን ያሳጣን ቀን ይህቺ ከተማ በሰላም እንዳትኖር እሰጋለሁና።

እኔ ሒክመት አብዱልዋኒስ ነኝ፤ የሰብሪ ጋዙር እናት። ልጄ በቦይ ውኃ ጠብ ከሸንዲድ ቤት አንድ ሰው እንደ ገደለ፣ እስሩንም ጨርሶ እንደ ወጣ፣ ከወጣም ወዲህ ደም መላሽ እየጠበቀው የገዛ ደጃፉን ሳይረግጥ እንደ ኖረ ከእኔ ይልቅ ክቡርነትዎ አሳምረው ያውቁታል፤ የዕርቁን ንግግር የጻፉት እርስዎ ነዎትና። በዚያ ቀን ሰብሪ ራሱን ገልጦ፣ በባዶ እግሩ፣ የራሱን መገነዣ ከፈን በሁለት እጁ ተሸክሞ በገበያው መሐል ሄደና በሟች አባት በሐጂ ማዕቱቅ ሸንዲድ እግር ሥር ተንበረከከ። ሽማግሌው ከፈኑን ተቀበሉትና «ተነሣ ልጄ፣ ለአላህ ብዬ ትቼዋለሁ» አሉት። የዕርቁ በግም በልጄ ፈንታ ታረደ። እኔም ለዓመታት ነክሼው የኖርኩትን ጥርሴን ፈትቼ እልል አልኩ። እዚህ ላይ ሁላችንም ወደየቤታችን ብንገባ ምን ነበረበት? ክቡርነትዎ ግን ደግ ነዎትና ፊልም ጨመሩልን።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ፤ ቁጥሩ ቢዛባብኝ እናት ነኝና ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፣ ፊልሙን ስለ መረጡ። ይህንን ያለ ሽሙጥ ነው የምለው። በሩቅ ተራራማ አገር ሰዎች ቋንቋ የተሠራ፣ ከሥሩ የዓረብኛ ጽሑፍ ያለው፣ ደም የተቃቡ ሁለት ቤቶች እንዴት እንደ ታረቁ የሚናገር ደህና ፊልም ነበር። ነበር ነው የምለው፤ እኛ ያየነው እሱን አይደለምና።

ሁለተኛ፣ ለጥቁሩ ጥብጣብ ስላሳዩት ጥንቃቄ። የሴቶቹን መቀመጫ ላስተካክል ቀድሜ ገብቼ ስለነበር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ፊልሙ ወደ ጎን ሰፊ ነው፤ የእኛ ስክሪን ደግሞ ቁመት አለው፤ ስለዚህ ከላይና ከታች ጥቁር ይተርፋል፤ በዓለም ሁሉ እንዲሁ ነው፤ የሁለተኛው የጽሑፍ መስመርም ማረፊያው ያ የታችኛው ጥቁር ነበር። ክቡርነትዎ ግን ይህን ሲያዩ ደምዎ ፈላ፤ የፊልም ማሽኑን የያዘውን ሙኽታርን «በዕርቅ ቀን ጥቁር ጥብጣብ? የሞተ ሰው ፎቶ አደረግኸው እንዴ! አገረ ገዥው አሁን ይገባሉ፣ ጠራርገህ አጥፋልኝ!» አሉት። እሱም «ጽሑፉን ይዞት ይሄዳል እኮ ኡስታዝ» ቢልዎ «ይሂድ! ሰው የመጣው ሊያይ ነው ሊያነብ?» ብለው ሳቁ። ሙኽታርም አብሮዎት ሳቀና «እሺ፣ በዓይኔ ኡስታዝ» ብሎ ምስሉን እስከ ጣሪያ ለጠጠው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው፤ በእርስዎ ብብት የነበረው ግን የእኔ ልጅ ነው።

ምስሉ ወደ ላይ ሲለጠጥ ግራና ቀኙ እንደሚቆረጥ የማያውቅ አለ? ሁለቱ የተጣሉ ሰዎች በረጅሙ ማዕድ ዳርና ዳር ተቀምጠው አንዱ እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ ለሌላው ሰላምታ ሲሰጥ፣ ለእኛ የታየን ማዕዱ ብቻ ነው፤ በማዕዱም መሐል የዳቦ ቢላ። ሰዎቹ ከነሰላምታቸው ከስክሪኑ ውጭ ግድግዳው ላይ ቀርተዋል። እኛም ያንን ቢላ ብቻ አፍጥጠን ቆየን፤ ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሦስተኛውን ማለት ይከብደኛል፤ ቢሆንም እለዋለሁ። በእኛ አዳራሽ ፊልም በዓይን ብቻ እንደማይታይ ክቡርነትዎ እዚሁ ተወልደው አድገው እንዴት ዘነጉት? በየረድፉ ፊደል የቆጠረ ሰው ላልቆጠሩት ጮክ ብሎ ያነባል። ለሐጂ ማዕቱቅ ረድፍ የሚያነበው የሟች ታናሽ ወንድም ራጊ ነበር፤ ድምፁ አዛን እንደሚጠራ ሙአዚን ነው። ለሴቶቹ ሰገነት ላይ ሆኜ የማነበው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ላይ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ጭራ ሲያጣ ሰው ሳቀ። «አንተ ሙኽታር፣ ጽሑፉን ለፍየል አበላኸው?» ያለም ነበር። ክቡርነትዎ ከገዥው ጎን ሆነው ወደ ኋላ ሳይዞሩ እጅዎን አወዛወዙና «ጸጥታ!» አሉ። ጸጥ አልን።

በፊልሙ ውስጥ ያሉት አባት ልጃቸውን የገደለባቸውን ሰው ትክ ብለው አዩትና ተናገሩ። ራጊም ስክሪኑ ላይ ያለውን አነበበ፦ «ደም በደም ካልታጠበ አይጠራም።» አዳራሹ ቀጣዩን ጠበቀ። ቀጣይ የለም። ራጊ የሚይዘው አጥቶ ያንኑ ደገመው፤ በደገመው ጊዜ ግን ድምፁ የንባብ ድምፅ አልነበረም።

ሁለተኛው መስመር የት እንደ ወደቀ ግን እኔ ከላይ ቁልቁል ስለማይ አየሁት። ከስክሪኑ ሥር በሰቀሉት ቀይ ጨርቅ ላይ ነበር፤ ስምዎ በወርቅ ቀለም በተጻፈበት ላይ። «ብለው ያሳደጉን ሁሉ ዋሽተውናል» ይላል፤ «ዋሽተውናል» የምትለዋ ቃል በቀጥታ በስምዎ ላይ አርፋ ነበር። ጉሮሮዬ እስኪደማ ጮህኩት። ሴቶቹ ሰሙኝ። ታች ግን ማን ይስማ? «የጋዙር ሰዎች በሬሳችን ሊያፌዙብን ነው ያመጡን!» የሚለው ጩኸት ቀድሞኝ ነበር።

በዕርቅ ደንብ ዱላ ሁሉ ከከተማው ሽማግሌ ቤት ይቀመጣል። ክቡርነትዎ ለፎቶ ያምራል ብለው በአዳራሹ መግቢያ አስደርድረውት ነበርና ሰው ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም፤ ያ አላህ፣ ስንቱን አስበውልናል! የመጀመሪያው ራስ ሲፈነከት ድምፁን ከሰገነት ሰማሁ። ወንበር በሰው ፊት ላይ ተሰበረ። የአንዱ ጥርስ ከነደሙ ስክሪኑ ላይ ተለጠፈ፤ ፊልሙም በዚያ ሁሉ ላይ መሄዱን አላቋረጠም፤ ተራራውና በረዶው በሚደማው ሰው ጀርባ ላይ ይፈስ ነበር። ሐጂ ማዕቱቅ ከፈኑን ከፍ አድርገው ተነሡና «ቁጭ በሉ! እኔ ትቻለሁ! የልጄ ደም የእኔ ነው፣ የማንም አይደለም!» አሉ። አንድ ዱላ ከኋላ አናታቸው ላይ አረፈ። የማን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ሰብሪ ሊከልላቸው በላያቸው ተደፋ፤ ጀርባው እስኪበጣጠስ ተወገረ፤ ሽማግሌው ግን ከሥሩ ሞተው ተገኙ። ሰውም ያየው ይህንኑ ነው፦ ልጁን የገደለው ሰው አባቱንም በደረቱ ሥር አድርጎ።

አራተኛ ይሁን አምስተኛ እንጃ፤ ስለ መግለጫዎም አመሰግናለሁ። «ፊልሙ ምንም ሳይጎድልበት ታይቷል፤ ብጥብጡን ያስነሡት አስቀድመው ያሴሩ የጋዙር ቤት ሰዎች ናቸው» ብለው በአዳራሹ በር ላይ ለጥፈዋል። ፖሊስ ልጄን ይዞ ማስረጃ ቢያጣ ለቀቀው፤ የሸንዲድ ቤት ግን ከእርስዎ መግለጫ ሌላ ማስረጃ አያሻውም። እኔ «ሁለተኛ መስመር ነበረው» ብል «እናቱ አይደለሽ፣ ምን ትይ!» ይሉኛል። ሙኽታር አገር ለቋል። ገዥው በጓሮ በር ሲሸሹ ከእርስዎ ፊት ነበሩ። የሸንዲድ ሰዎች የሚያምኑት የቀረ አንድ ሰው ቢኖር እርስዎ ብቻ ነዎት።

የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ያንኑ ፊልም በዚያው አዳራሽ ከነጥቁሩ ያሳዩልን። ወይም ከዓርብ ጸሎት በኋላ በመስጊዱ ደጅ ቆመው «ጽሑፉን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ» ይበሉ። ይህን ቢያደርጉ ሹመትዎ ይጎዳ ይሆናል፤ በዝምታዎ ግን ልጄ ይታረዳል። ይህንን ልነግርዎ ስመላለስ ዘበኛዎ «ኡስታዝ ስብሰባ ላይ ናቸው» ይለኛል። ከመቼ ወዲህ ነው ስብሰባ በመስኮት መጋረጃ ሥር አጎንብሶ የሚደረገው? አየሁዎት እኮ!

ለክቡርነትዎ ያለኝን ወደር የሌለው አክብሮት፣ በየሶላቴ የማደርስልዎን ዱዓ፣ የዚያንም ቀን ደም ገና ያልለቀቀውን የነጠላዬን ጫፍ እጅ ነሥቼ እያቀረብኩ፣

የእርስዎው ታዛዥ፣
ሒክመት አብዱልዋኒስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ሳላሽገው ራጊ ሸንዲድ ዱላውን ይዞ ከደጄ ቆመ። ሰብሪ ከውስጥ ነበር። በሩ ላይ ተጋድሜ ሁለተኛውን መስመር ነገርኩት። እሱም «ካንቺ አፍ አላምንም፤ ኡስታዙ ራሱ ይንገረኝ። ቤቱ የትኛው ነው?» አለኝ። እኔም ወግ ያለኝ ሴት ነኝና እስከ መታጠፊያው ሸኝቼ አሳየሁት፤ አሁን በመንገድ ላይ ነው። ክቡርነትዎ፣ ሁለቱንም መስመር ይንገሩት። አንዱን ብቻ የሰማ ሰው ምን እንደሚያደርግ አይተዋል፤ የጓሮ በርዎንም ቢሆን አሳይቼዋለሁ።