ሦስት ደረጃ ዝቅ

ኖቬምበር 26

ከሩዝ ወፍጮው ዛሬም ገለባ ለብሼ ተመለስኩ። ወገቤ... ተወው።

አባ ሜልኪ አስጠሩኝ። ቤተክርስቲያን ስደርስ በአንሶላ የተሸፈነ ነገር ቆሟል። ዲጂታል ፒያኖ። ውጭ አገር ያሉ የከተማችን ልጆች የላኩት። አሮጌው ኦርጋን ምስጥ በልቶት ጎኑ ተደርምሷል። ሠላሳ አንድ ዓመት በእግሬ እየነፋሁ የተጫወትኩት።

«ማኖንግ ቴምዮንግ፣ ከገና በፊት ያለው የዘጠኝ ንጋት ቅዳሴ እስኪጀምር ሦስት ሳምንት አለዎት። ይለምዱታል» አሉኝ።

እሳቸው ወጣት ናቸው፤ እንደ ታላቅ ወንድም «ማኖንግ» ይሉኛል። ምን ይወቁ።

ለሚስቴ ለሶርሲንግ ነገርኳት። «ጥሩ» ብላ ሳህኑን ማጠቧን ቀጠለች። ሚስቴ በዚያ ቤተክርስቲያን ሃያ ስድስት ዓመት ብቻዋን ቆማ ዘምራለች። በጁን ወር ሐኪም አንገቷን በቀዶ ሕክምና ከከፈታት ወዲህ ላይኛው ድምፅ እምቢ አላት። አሁን ስለ መዝሙር አይነሣባትም።

ኖቬምበር 28

መመሪያው ሰማንያ ገጽ ነው። በተኖቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ከሩዝ ፍሬ ያንሳል። ዝም ብዬ አንድ በአንድ ተጫንኩ። አንዱ ፒያኖ፣ አንዱ ኦርጋን፣ አንዱ... ከበሮ! የምትጠርገው ሴትዮ መጥረጊያዋን ጥላ ሳቀችብኝ።

ችግሩ እግሬ ነው። ኦርጋን ካልነፉት አይጮህም። እግሬ የሚያውቀው ይህን ነው፤ ገና ስቀመጥ መርገጥ ይጀምራል። የዚህኛው ፔዳል ግን ንፋስ አይሰጥም፣ ድምፁን ይዞ ያቆያል። በረገጥኩ ቁጥር ሁሉም ተደራርቦ ገንፎ ይሆናል። በመጨረሻ እግሬን ከወንበሩ ጋር በገመድ አሰርኩት። በስልሳ ሦስት ዓመቴ!

ዲሴምበር 1

ፔዳሉ ተገልብጦ ዋለ። ስለቀው ይይዛል፣ ስረግጠው ይለቃል። አንድ ሰዓት ሙሉ ተራገምኩ። ለካ ሳበራው እግሬ ላዩ ላይ ነበር። እግር አንስቶ ማብራት ነው።

ዲሴምበር 4

ዛሬ ደግሞ ጭራሽ ዝም። መብራቱ አለ፣ ድምፅ የለም። ገመድ ነቀልኩ፣ ሰካሁ። የስፒከሩን፣ የፔዳሉን... ላብ በላብ ሆንኩ።

ጆቬሊን መጣች። የወጣቶቹን ጊታር የምትመራው፣ ፖስታ ቤት የምትሠራው። ጎንበስ ብላ ከሥር ካለው ቀዳዳ ትንሽ ሶኬት ነቀለች።

«ማኖንግ፣ የተለማመዱበትን የጆሮ ማዳመጫ ሲወስዱ የሶኬቱን ጫፍ እዚሁ ረስተውታል። ፒያኖው ምን ያድርግ? ጆሮዎ ውስጥ የሚዘፍን መስሎታል!»

ሳቅኩ። ከሳቅኩ ቆይቻለሁ።

አንድ በተንም አሳየችኝ። በተጫኑት ቁጥር ሁሉም ድምፅ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል፤ ጣት ከቦታው አይነቃነቅም። መንገዱን ሁሉ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ሶርሲንግ የማትደርስባት ያቺ ከፍታ... ከፍታዋ ራሷ ብትወርድላትስ?

ዲሴምበር 9

«ዓይኔ ደክሟል፣ መመሪያውን አንብቢልኝ» ብዬ ሶርሲንግን አመጣኋት። ቤተክርስቲያኑ ባዶ ነበር። ሳትገባ ሦስት ዝቅ አድርጌ፣ ፒያኖው ላይ የበራውን ቁጥር በመዝሙር መጽሐፍ ሸፈንኩት።

የድሮ መዝሙሯን ጀመርኩ። መጀመሪያ መመሪያውን ገለጠች። ከዚያ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ያቺ ቦታ ስትቃረብ ትንፋሼን ያዝኩ። ደረሰች።

«ቴምዮንግ... ተመለሰልኝ እኮ!» ጠባሳዋን በእጇ ይዛ አለቀሰች።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዲሴምበር 13

ዓሣ ስትጠብስ ታንጎራጉራለች። «ዘጠኙን ንጋት ሳላጓድል እቆማለሁ። የምለምነው አለኝ» አለች። ዘጠኙን የጨረሰ የለመነውን አያጣም ይባላል። ምን እንደሆነ አልነገረችኝም።

ሦስት መውረዴን ለጊታሮቹ መንገር ነበረብኝ። እነሱ ለብቻቸው ነው የሚለማመዱት። ነገ እነግራለሁ... ነገ።

ዲሴምበር 16

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። የእኔስ አንድ ላይ ጠራ።

ገና ሳይነጋ ሕዝቡ እስከ በሩ ሞልቷል። ሶርሲንግ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ቆመች። ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ጊታሮቹ ገቡ። እነሱ በድሮው ከፍታ፣ እኔ ሦስት ዝቅ። አምላኬ! ሁለት አውራ ዶሮ በአንድ ጆንያ። ሕዝቡ ዞሮ አየን።

መዝሙሩን አቋረጠች። ጊታሮቹን አየች። ፒያኖው ላይ የተጻፈውን ሦስት አየች። ከዚያ እኔን። በጎን በር ወጣች።

ቤት ስገባ ቀሚሱን አጣጥፋ አስቀምጣዋለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ድምፄን እኔ ቀብሬው ነበር። ቆፍረህ አወጣኸውና ሰው ፊት ደግመህ ቀበርከው።»

አፍሬያለሁ።

ዲሴምበር 18

ትናንትም ዛሬም አልመጣችም። ዘጠኙ ፈረሰባት። በእኔ። ትኩስ የሩዝ ዳቦ በሙዝ ቅጠል ይዤላት መጣሁ። አልነካችውም።

ዲሴምበር 21

ለጆቬሊን ሁሉንም ነገርኳት።

«እኛም እንወርድ ነበር እኮ ማኖንግ! ቢነግሩን ምን ነበረበት? ምን አሳፈረዎት?»

ምን አሳፈረኝ? እሷ እንዳታፍር ብዬ ነው እላለሁ። ወይስ በእሷ ያፈርኩት እኔ ነኝ? ይህን መጻፍ ከበደኝ።

ማታ እራት ላይ «ጊታሮቹም ይወርዳሉ። ሁሉም ያውቃል። ይቅር በይኝ» አልኳት። ጀርባዋን ሰጠችኝ። ይሁን።

ዲሴምበር 24

ዘጠነኛው። አንድም ሳላጓድል ቆሜ የምለምነው አጣሁ። በጣም ደክሞኛል።

እግሬን አንስቼ አበራሁት። ያንን በተን ግን አልነካሁም። በምን ፊቴ? መዝሙሯ ሲደርስ ሰማያዊ ቀሚስ ከጎኔ መጥቶ ቆመ። ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ።

«ሦስት?» አልኩ በሹክሹክታ።

«አራት!» አለች፣ ጊታሮቹ እንዲሰሙ ጮክ ብላ። «አርጅቻለሁ፣ ጠዋትም ነው። አራት።»

ፊት የተቀመጡት ሳቁ። በትከሻዬ ላይ እጇን ዘርግታ ራሷ ተጫነችው። አራት ጊዜ። ጊታሮቹ እስኪስተካከሉ ሕዝቡ ጠበቀ። አባ ሜልኪም ጠበቁ።

ዘመረች። የድሮው ድምፅ አይደለም። ወፍሯል፣ ትንሽ ይሻክራል። የእሷ ነው ግን። አለቀስኩ፣ አልደብቅም።

በመንገድ «ምን ልትለምኚ ነበር?» አልኳት።

«ሌላ ዓመትም እንድዘምር።»

«በእኔ ነው የፈረሰብሽ። የእኔን ዘጠኝ ውሰጂው።»

«ለራስህ ያዘው። እንቅልፍ ለምንበት፣ በድካም ሞተሃል እኮ! እኔ አራቱ ይበቃኛል።»

ከቤተክርስቲያኑ በር የገዛሁትን ትኩስ የሩዝ ዳቦ ለሁለት ቆርሳ ትልቁን በላች። አሁን ጓዳ ሆና ታንጎራጉራለች። ዝቅ ባለው ድምፅ።