የመጨረሻዋ ሙልሙል

ይድረስ ባሕር ተሻግሮ አውስትራሊያ ድረስ፣ ለእህቴ ለሲግኔ።

እህት ዓለም፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ መውጣት አቃተኝ ብለሽ ነበር፤ ተሻለሽ ወይ? የባልሽ የቶም ደረትስ? ሳሉ ለቀቀው? ልጆችሽ፣ የልጅ ልጅሽ፣ ያቺ አሮጊት ውሻሽ ሳትቀር፣ ሁላችሁም እንደምን አላችሁ? እናንተ ዘንድ አሁን ሙቀቱ አያስተኛም ይባላል። እዚህ በረዶው የመስኮቱን ደፍ አልፎ፣ ኤቨርት በየጠዋቱ ወደ ማገዶ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ በአካፋ ይከፍታል። እኛ ደህና ነን። ብርድ ሲሆን ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። የማማርርበት ነገር ግን አለኝ፤ ይህን ሁሉ ወረቀት ያዘጋጀሁትም ለሱ ነው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በጥር፣ የገናውን ዛፍ ከቤት ባወጣንበት ቀን ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አገርሽን ልታዪ እንዳሰብሽ ጽፈሽ፣ በበጋው ስድስት ሳምንት እኛ ቤት መቀመጥ ትችይ እንደሆነ ጠየቅሽኝ። ይህን መጠየቅ እንኳ አያስፈልግሽም ነበር። ሌላ እህት ብትሆን በማግስቱ «ነይ» ብላ ትጽፍልሽ ነበር፤ እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ ዝም አልኩሽ። ፖስታው መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል ብለሽ ይሆናል። አልጠፋም፤ ማድ ቤት መሳቢያ ውስጥ፣ ከፎጣዎቹ ሥር አለ። መልስ የነፈግሁሽ ቅናት ይዞኝ ነው። ይኸው፣ አልኩት። አሁን ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ ታገሺኝ፣ ነገሩ የሚጀምረው በዳቦ ነው።

ባለፈው ኅዳር፣ ድልድዩ አጠገብ ወዳለው ቢጫ ቤት ቲራ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ከደቡብ መጥታ ገባች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቋ ቶሎ የሚመጣ ሴት ናት። ዕቃዋን አውጥታ ሳትጨርስ የስፌት ማኅበሩን ሴቶች ከነባሎቻችን ለቡና ጠራችን። እዚህ አገር ሴት የምትመዘነው በምታቀርበው እንደሆነ መቼም አልረሳሽውም። ከቡናው ጋር የሚጋገረው ሰባት ዓይነት መሆን አለበት። ስድስት ያቀረበች ቋጣሪ ናት፣ ስምንት ያቀረበች ጉረኛ። እኔም ካፖርቴን ሳላወልቅ በዓይኔ ቆጠርኩ። ሰባት ነው፤ አልጎደለም፣ አልተረፈም።

ሽታው ግን ገና በሩ ላይ ነበር የተቀበለኝ። ሄል ነው፤ ነገር ግን እኔ ከሱቅ የማመጣው የተፈጨው ሄል አይደለም። ፍሬውን ከገለባው ፈልፍላ፣ ልታቦካ ስትል በሙቀጫ ሰበር ሰበር አድርጋ ነው የጨመረችው። ስትነክሺው ጥርስሽ ሥር ቀጭ ይላል። ብስኩቶቿም ስስ ናቸው፤ ጠርዛቸው ብቻ ቀላ ብሎ፣ አፍ ውስጥ ሲገቡ ብትን ይላሉ። በሙልሙሉ ጀመርን፣ ወደ ኬኩ አለፍን፣ ከዚያ ብስኩቶቹን አንድ በአንድ ቀመስን፤ አንዱን መዝለል ነውር ነው። ማንም አልተናገረም። የኛ ሴቶች አፋቸውን ዘግተው ሲያኝኩ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። እማማ ሉቪሳ ብቻ፣ በሕይወት አለች እኮ፣ ሰማንያ ስድስት ዓመት ሞልቷት ምላሷ ግን አላረጀም፣ ወደኔ ዞር ብላ «ሂልማ፣ ምነው ዝም አልሽ? ምላስሽንም አብረሽ ዋጥሽው እንዴ?» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በዚህ መንደር ለክርስትናም ለቀብርም ሙልሙል ሲባል ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የሚመጣው ከኔ ቤት ነበር።

ከዚያ ሳህኑ ላይ አንዲት ሙልሙል ቀረች። የመጨረሻዋን መቼም ሰው አይነካትም። ቢበዛ አንዱ ግማሿን ይቆርጣል፣ ሌላው የግማሿን ግማሽ፣ እንዲያ እንዲያ እያለች በመጨረሻ ፍርፋሪዋ ሳህን ላይ ታድራለች። ሙሉዋን ብድግ ያደረገ ሰው በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ኤቨርት አነሣት። የኔ ኤቨርት፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳል ሲይዘው እንኳ ኦርጋኑ እስኪጀምር የሚጠብቀው ሰው፣ ያ ሁሉ ዓይን እያየው እጁን ዘርግቶ አነሣትና በሦስት ጉርሻ ጨረሳት። «አቤት አቤት! ሂልማ፣ ይሄን ሰውዬ ቤት ውስጥ ምግብ ትከለክይዋለሽ እንዴ?» አለች እማማ ሉቪሳ። ቲራ ደግሞ ፊቷ ቀልቶ «ይተዉዋቸው እንጂ፣ ይብሉ! የተጋገረው ሊበላ አይደል?» አለች። እኔ አቀርቅሬ የምቆልፈውን የጓንቴን ቁልፍ ስፈልግ ነበር። ጓንቴ ቁልፍ የለውም።

ወደ ቤት ስንመለስ ፊት ፊት ሄድኩ። እሱ ከኋላዬ «ሰማዩ ጠራ» አለ። ሳምንት ሙሉ ከ«አዎ»ና ከ«አይ» በቀር ከአፌ አልወጣም። እሱ ይህን ልብ ያለው መቼ መሰለሽ? በአምስተኛው ቀን! «ጉሮሮሽን አሞሻል?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሳስበው እኔም በራሴ እስቃለሁ፤ አንቺም ሳቂ። ሰገነት ላይ አቧራ የዋጠውን የነሐስ ሙቀጫ አወረድኩ። ማክሰኞ ጋገርኩ፣ ሐሙስ ጋገርኩ፣ ቅዳሜ ጋገርኩ። አንዴ ቅቤ ጨመርኩ፣ አንዴ ወተቱን ቀነስኩ። አንዴ ደግሞ ሄሉን እጥፍ አድርጌው ሙልሙሉ መድኃኒት መድኃኒት አለ። ኤቨርት ሁለቱን በልቶ «ደህና ነው» አለ። ኤቨርት ደህና ነው ያላለው ነገር የለም። የጎተራውን ጣሪያ ነፋስ የወሰደው ዕለትም ደህና ነው ብሏል። ያንቺን ደብዳቤ ያነበብኩለትም በዚያው ሰሞን ነበር፤ ያን ጊዜም «ደህና ነው» አለ፤ እኔም እውነት ለመናገር ምንም አልመሰለኝም። ሐሳቤ ሁሉ ቲራ ላይ ነበር። መልስሽን እኔም በተራዬ ከምጋብዝበት ቀን በኋላ እጽፋለሁ አልኩ።

ግብዣዬ የጥር መጨረሻ እሑድ ነበር። ሰባቱንም ጋግሬ ጨርሼ ጠረጴዛውን አየሁት። ሰባት። የቲራም ሰባት ነበር። ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ ሊጥ ተርፎኝ ነበርና ሄል ሰባብሬበት በሹካ ጀርባ ጠፍጠፍ አድርጌ ስምንተኛ ብስኩት ጋገርኩ። አዎ፣ ስምንት! የእማዬ ልጅ፣ ስምንት ዓይነት አቀረብኩ። እማማ ሉቪሳ ገብታ ሳትቀመጥ በከዘራዋ እየጠቆመች ቆጠረች። «አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት… ስምንት! እሰይ! ንጉሡ ስንት ሰዓት ነው የሚደርሱት?» ሴቶቹ ሁሉ ሲኒያቸው ውስጥ አቀረቀሩ። ቲራ «እኔ እንኳ ቁጥር አይሆንልኝም፤ ብቻ ሁሉም ያምራል» አለች። ልትሸፍንልኝ ነው። ከእማማ ሉቪሳ ስድብ ይልቅ የሷ ደግነት ነው ያንገበገበኝ።

የኔም ሳህን ላይ አንዲት ሙልሙል ቀረች። ቡና እየቀዳሁ ነበር፤ ማንቆርቆሪያውን ይዤ ቆምኩ። ኤቨርት አያት። እኔ እሱን አየሁት። ቢላ አነሣ፣ ለሁለት ቆረጣት፣ ግማሿን ደግሞ ለሁለት ቆረጠ፣ ሩቧን ጎረሰና ሳህኑን በጨዋ ደንብ ለጎረቤቱ አቀበለው። ሲግኔ፣ ጨዋነትን እንደዚያን ዕለት ጠልቼው አላውቅም።

እንግዶቹ ወጥተው እኔ ሳጥብ እሱ ሲያደርቅ ፈነዳሁ። «ለሷ ሙሉዋን፣ ለኔ ሩቧን!» አልኩት። አንዱን ሲኒ መላልሶ አደረቀው። «ለማን ነው ሙሉዋን?» አለኝ። «ለቲራህ ነዋ!» አልኩት። ደነገጠ። እውነትም ያላሰበው ነገር ነበር፤ ሃያ ስምንት ዓመት ያየሁት ፊት ነው፣ አይዋሸኝም። ከዚያ «ሲግኔ የምትጋግረውን መሰለኝ» አለ። «ሳላስበው እጄ ሄደ።» ፎጣውን ሰቀለና ላሟን ሊያይ ወጣ።

ቲራን ቢል ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ቲራ ድልድዩ ማዶ ናት፤ ስንገናኝ ፊቴን አዞርባታለሁ፣ ስታሳርር እሰማለሁ፣ ስታረጅ አያለሁ። አንቺን ምን ላድርግሽ?

ሁለት በጋ ሙሉ ከጭፈራ ወደ ቤት ሲሸኝሽ የነበረው እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። መንደሩ ሁሉ ያውቃል። አንቺ መርከብ ተሳፈርሽ፣ በሁለተኛው ዓመት እኔን አገባኝ። ሦስታችንም ይህን ነገር በቃልም በጽሑፍም አንስተነው አናውቅም። እኔ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሱም ያለቀ መስሎት የነበረ ይመስለኛል።

በልጅነታችን እማዬ አንቺ የጋገርሽውን መንገደኛ እንዲያየው መስኮቱ ላይ፣ የኔን ከጨርቅ ሥር መደርደሪያው ላይ ስታስቀምጥ ቀንቻለሁ። እሱ የልጅ ቅናት ነው፣ ትቼዋለሁ። አሁን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። እኔ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እጋግራለሁ። እርሾው የሞተብኝ ጊዜ አለ፣ ራሴን አሞኝ ጨው የረሳሁበት ጊዜ አለ፣ ታችኛው ከሰል የሆነበት ጊዜ አለ። ሁሉንም በልቶታል። ያንቺ ግን በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንዴ እንኳ አላረረም። ደርቆ አያውቅም፣ ሳይነሣ ቀርቶ አያውቅም። ከዚህ ጋር እንዴት አድርጌ ልፎካከር?

ደግሞ ሌላም ልናዘዝልሽ። በሄድሽ በመጀመሪያው ዓመት «እዚህ ሄል የሚባል ነገር የለም፤ ጥቂት በፖስታ ላኪልኝ» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። እኔ የሱፍ ካልሲ ላክሁልሽ። ኋላ ስትጠይቂኝ ፖስታ ቤት ጥሎት ይሆናል አልኩሽ። ማንም አልጣለውም፤ አልላክሁትም። ያን ጊዜ ኤቨርት ቤታችን መምጣት ጀምሮ ነበር። ከባሕር ማዶ እንኳ እንድትጋግሪ አልፈለግሁም።

«ቤቱ ጠባብ ነው፣ የኤቨርትም ወገብ ታሟል» የሚል ደብዳቤ ጽፌልሽ ነበር። የኤቨርት ወገብ እንደ ብረት ነው። ደብዳቤውን እሳት ውስጥ ጨመርኩት። ትናንት ጠዋት ቁርሱን እየበላ ሳለ በቀጥታ ጠየቅሁት፤ «ሲግኔ ትምጣ ወይስ ትቅር?» አልኩት። «እህትሽ ናት፣ ትምጣ እንጂ» አለ። «አንተስ ናፍቃሃለች?» አልኩት። ኤቨርት ለመልስ ቸኩሎ አያውቅም፤ ሁለተኛ ሲኒ ቀድቶ ጠጣ። «የናፈቀኝ ሃያ አምስት ዓመት መሆን ይመስለኛል» አለ። ጥሩ መልስ ነው። ግማሹን አምኜዋለሁ።

እና ነይ። በሰኔ፣ የሊላው ዛፍ አበባውን ሳያረግፍ ድረሺ። ጣቢያ የምቀበልሽ እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም። ሐይቁን የሚያየው ላይኛው ክፍል ያንቺ ነው። ታርፊያለሽ፣ ትዋኛለሽ፣ እስከ ረፋድ ትተኛለሽ። በመጣሽ በመጀመሪያው ቅዳሜ ግን ትጋግሪያለሽ። በኔ ማድ ቤት፣ በኔ ዱቄት፣ ኤቨርት እዚያው ተቀምጦ እያየ። ሄሉን እኔ እገዛለሁ፣ ሙቀጫውንም አውጥቼ አስቀምጣለሁ። ይቅመሰውና ከጣመው ይጣመው፤ ቢያንስ የምቀናው በሰው ይሆናል።

ልጃችን ስቱሬ ከከተማ ሲመጣ ስለ አክስቱ ሲጠይቅ ይውላል፣ ሰላም በሉልኝ ብሏል። ሚስቱም እንዲሁ። እማማ ሉቪሳ «ሳልሞት ትምጣና መሸብሸቧን ልይላት» ብላሻለች፤ ሰላምታዋ ይኸው ነው። ቲራ አታውቅሽም፣ ግን እንድትመጪ ትፈልጋለች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ኤቨርት ልጽፍላት ነው ስለው «ሰላም በይልኝ» አለ። ቃሉ ይህ ነው፤ አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩበትም። ለቶም፣ ለሁለቱ ሴት ልጆችሽ፣ ላላየሁት የልጅ ልጅሽ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ውሻዋንም በኔ ስም ደባብሺያት።

አሮጌውን ምድጃ አውጥተን ሌላ አስገብተናል፤ አንቺ አታውቂውም። በአንድ በኩል ያሳርራል። በየትኛው በኩል እንደሆነ አልነግርሽም።

ከነቅናቷ የምትወድሽ እህትሽ
ሂልማ

ኤልቮስ፣ ሄልሲንግላንድ
እሑድ ማርች 10 ቀን 1957