የአቶ ጥዑመልሳን ወልደ ሥላሴ ሕይወትና የግራንድ ፕሬሪው ፍጹም ቅጣት ምት

አቶ ጥዑመልሳን ወልደ ሥላሴ ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ሥላሴ ተካበና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩወርቅ አስፋው ጥር 12 ቀን 1949 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ደሴ ጭጋግ ይበዛባታልና፣ በልጅነታቸው ወደ ላይ የተመታች ኳስ ጭጋጉ ውስጥ ገብታ ስትጠፋ ልጆቹ ሁሉ አንጋጠው፣ ዝም ብለው ይጠብቋት እንደነበር ለልጆቻቸው ደጋግመው ያወሩ ነበር።

ትምህርታቸውን በዚያው አጠናቀው በ1967 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆነው እያገለገሉ የእግር ኳስ ዳኝነት ኮርስ ወሰዱ፤ የቀበሌና የመሥሪያ ቤት ቡድኖችንም አጫወቱ። ጊዜው ሲከፋ በ1973 ዓ.ም. ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ካርቱም ላይ ከወይዘሮ ውባለም ደስታ ጋር ተዋውቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ተጋቡ። ከአራት ዓመት በኋላ ዳላስ መጥተው ዊንታንና ነቢዩን ወለዱ። በዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያም መንገደኞችን ከተርሚናል ተርሚናል የሚያመላልስ አውቶቡስ ሃያ ስድስት ዓመት ነዱ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ግን ጥቁር ቁምጣቸውን ለብሰው ሜዳ ይወርዳሉ። ሲያጫውቱ ብዙ አይናገሩም ነበር። እጃቸውን ቀስ አድርገው ሲያነሱ ጥፋተኛው ራሱ አንገቱን ይደፋል።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2012 በዳላስ ዙሪያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሰፈር ቡድኖች ዋንጫ ፍጻሜ በግራንድ ፕሬሪ ከተማ ተደረገ። የተጋጠሙት ጋርላንድና ፎርት ዎርዝ ነበሩ። ሙቀቱ ከሣሩ ላይ እንደ ውኃ ይርገበገባል፤ አውሮፕላኖች ድምፃቸው በደጋፊው ጩኸት ተውጦ ከሜዳው በላይ ዝቅ እያሉ ያልፋሉ። በሰባኛው ደቂቃ የጋርላንዱ አጥቂ የመታት ኳስ አግዳሚውን ገጭታ መስመሩ አጠገብ ነጠረች። አቶ ጥዑመልሳን ፀሐይ ዓይናቸውን ስለወጋቸው አላዩም። ያላዩትን ጎል ማጽደቅ አልቻሉምና ጨዋታው እንዲቀጥል አዘዙ፤ የጋርላንድ ደጋፊም ሜዳ ሊገባ ደረሰ። ሊያበቃ አራት ደቂቃ ሲቀረው ያው አጥቂ በፎርት ዎርዙ ተከላካይ በሊዮል አጠገብ ወደቀ። ፊሽካ ተነፋ፤ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። ጋርላንድ አንድ ለባዶ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ክርክሩ ሁሉ ስለ አግዳሚዋ ኳስ ሆነ። አንዱ ገብታለች ሲል ሌላው አልገባችም ይላል። በስልክ የተቀረጸውን ቪዲዮ እያቆሙ ቢያዩትም ከፀሐይና ከአቧራ በቀር የሚታይ አልነበረም። የፍጹም ቅጣት ምቱ ነገር ግን ማንንም አላከራከረም፤ ጥፋቱ በሊዮል ላይ አረፈ። ሊዮልም በሃያ ሦስት ዓመቱ ዋንጫ ያስበላ ተብሎ ኳስ መጫወት ተወ።

አቶ ጥዑመልሳንን እንቅልፍ የነሳቸው አግዳሚዋ ኳስ አልነበረችም። አውቶቡሱን ሲያሽከረክሩ በመስተዋቱ ውስጥ ሊዮል ይታያቸው ነበር፤ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ እንደቆመ። አንድ ቀን ፌርማታዎቹን ሁሉ እያለፉ ሁለት ዙር መዞራቸውን የነገራቸው መንገደኛ ነው። በሰባተኛው ሳምንት ለባለቤታቸው አወጡት። የከለከሉት ጎል ከብዷቸው ስለነበር አጥቂው ሲወድቅ ዕዳ እንደሚመልስ ሰው እጃቸው ወደ ፊሽካው ሄደ።

ወይዘሮ ውባለም ሰምተው ሲያበቁ፣ “ለእኔማ ነገርከኝ፤ ልጁ ግን አልሰማም” አሏቸው።

በማግሥቱ ሊዮል ከአባቱ ጋር ወደሚኖርበት ወደ ዋይሊ ነዱ። በሩን የከፈተው ሊዮል ራሱ ነበር።

“የመጀመሪያውን አላየሁም፤ ሁለተኛውን ግን አይቻለሁ። አልነካኸውም” አሉት።

ሊዮል አባቱን ከጓሮ ጠርቶ፣ ያሉትን ለእሳቸውም እንዲደግሙላቸው ለመነ። አባቱ እንኳ አላመኑትም ነበር። አቶ ጥዑመልሳን በር ላይ እንደቆሙ ደገሙት።

በተከታዩ ዓመት በውድድሩ መክፈቻ በሁለቱ ቡድኖች ፊት ያንኑ ተናግረው ፊሽካቸውን ለአዘጋጆቹ አስረከቡ። የሰደቧቸው ነበሩ፤ የጋርላንዱ አጥቂም ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም አላላቸውም። ፊሽካውን ቤታቸው ድረስ መልሶ ያመጣው ሊዮል ነው።

“ጋሼ፣ ማለቴ፣ ሌላ ዳኛ እንዲህ ብሎ አይነግረንም። ሶ፣ እሁድ ይመጣሉ?” አላቸው።

መጡ፤ ዘጠኝ ዓመትም አጫወቱ። ሊዮልም ወደ ቡድኑ ተመለሰ።

አቶ ጥዑመልሳን እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ሕመሙ ሲጠናባቸው ሕልምና እውን ይቀላቀልባቸው ነበር፤ ጣሪያውን ትክ ብለው እያዩ ሣሩ ተቆርጦ እንደሆነ ይጠይቁ ነበር። ወይዘሮ ውባለምም ተቆርጧል ይሏቸዋል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 2025 ከሰዓት በኋላ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት፣ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

አቶ ጥዑመልሳን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። አስከሬናቸውን የሚሸከሙ ስድስት ሰዎች እንዲመረጡ ቤተሰቡ ተጠይቆ ነበር። ከፎርት ዎርዝ ዘጠኝ፣ ከጋርላንድ ደግሞ አጥቂውን ጨምሮ ሰባት ሰዎች ስማቸውን ላኩ። ማንንም መመለስ ስላልተቻለ ዛሬ እየተቀባበሉ ይሸኟቸዋል።

ቸሩ አምላክ የደከመች ነፍሳቸውን በብርሃኑ ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውና ለወዳጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።